ስለ ዘመን መለወጫ ውጥንና ስለ መጻሕፍቶቻችን

መስከረም በጠባ ቍጥር ወደ እንዲህ ያለው ገጽ የሚላከው ጽሕፈት ብዙ ነው፤ ግጥምም አለበት፤ ምክርም አለበት። ከብዙዎቹ ላይ ግን የደራሲው ስም ተፍቆ የሌላው ቢጻፍበት የሚያውቅ አንባቢ አይገኝም፤ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ነገር ነውና። አስቀድመው ክረምቱ አለፈ፤ ወንዙ ጐደለ ይላሉ። ቀጥለውም ዐደይ አበባ ፈነዳ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አሮጌውን ጠባይ ጥሎ እንደ ሜዳው አዲስ ይሁን ብለው ያዛሉ፤ በዚሁም ያበቃሉ።

ነቀፋችን ስለ ቃሉ ማማር አይደለም፤ ቃሉስ አንዳንድ ጊዜ ያማረ ነው። ምሳሌው እውነት ስላልሆነ ነው እንጂ። ዐደይ አበባ በመስከረም 1 ቀን አዲስ አልሆነም። ዘሩ በጋውን ሁሉ በደረቅ መሬት ውስጥ ተኝቶ ቈይቶ፣ የሰኔን ዝናብ ጠጥቶ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ውስጥ ማንም ሳያየው ቅጠል አውጥቶ ነው በመስከረም ለዓይን የታየው። ደግሞም ኅዳር ሲገባ ይደርቃል። እስከ ዛሬ ካነበብናቸው የመስከረም ግጥሞች መካከል ስለ ሐምሌው ሥር ወይም ስለ ኅዳሩ መድረቅ አንድ ቤት የጻፈ ደራሲ አላገኘንም። ስለዚህም አንባቢው በአንድ ሌሊት እንዲለወጥ ይታዘዛል እንጂ፣ በምን ሥራ፣ በስንት ጊዜ፣ ከወዴት ጀምሮ እንደሚለወጥ የሚነግረው የለም።

ይህም ጥቂት ጥፋት እንዳይመስል። ሰው ከችሎታው በላይ አስቦ በጥቅምት ሲያቅተው፣ ከተቻለው ነገር እንኳ እጁን ያነሣል። በሚቀጥለው መስከረምም የሚጽፈው ውጥን ካለፈው ይልቅ የረዘመ ይሆናል፤ የቀረውን ዕዳ ከነወለዱ ሊከፍል ይሻልና። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ በአንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ በቀን መቍጠሪያው ጀርባ ላይ ዘጠኝ ነገሮች ጽፎ ነበር። ከቁጣ መራቅ፣ እንግዳ መቀበል፣ ገንዘብ ማጠራቀም፣ ጐረቤትን አለማማት፣ ሌላም ሌላም። መስቀል ሲደርስ፣ ማለት በ17ኛው ቀን፣ ከዘጠኙ ስምንቱን ረስቶ ነበር። ዘጠነኛው ግን እስከ ሰኔ ቈየ፤ እርሱም ከራት በፊት አንድ ምዕራፍ ማንበብ የሚል ነበር። ከሌሎቹ በምን ተለየ ቢሉ፣ በቅድስናው አይደለም፤ ልክ ስለ ነበረው ነው። አንድ ምዕራፍ ተነበበ ወይም አልተነበበም ለማለት ይቻላል። ከቁጣ ራቅሁ ለማለት ግን ማን ይመሰክራል?

በደጎሎ ከተማ ዳር ቆሞ በመስከረም መጀመሪያ የጃማን ሜዳ የሚያይ ሰው ይህን ነገር ከመጽሐፍ አስቀድሞ በመሬቱ ላይ ያገኘዋል። ይህ አገር ጥቁር ዋልካ መሬት የሚበዛበት ደጋ ነው። ዋልካ በክረምት ውሃውን ይዞ ስለሚያቈር፣ በበጋም ደርቆ ስለሚሰነጠቅ፣ ገበሬው እንደ ፈቀደ ሊያዘው አይችልም። ፈሰስ እያወጣ ውሃውን ያጠፋል፤ ስንዴውንና ጤፉን የሚያዘራውም መሬቱ ነው። የመስከረም ጨረቃ ጠብታ እያቆመች ስትሄድ ደግሞ፣ መሬቱ በውስጡ የቀረውን እርጥበት ተመልክቶ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ልብ በሉ፤ ይህን ዘር የሚያበቅለው ወደ ፊት የሚመጣ ዝናብ አይደለም፤ ያለፈው ዝናብ በአፈሩ ውስጥ ያስቀረው ነው። ገበሬውም ዘሩን ሲሰፍር፣ በዚህ ዓመት ምን ያህል እህል እፈልጋለሁ ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ አፈሩን በእጁ ጨብጦ ምን ያህል እርጥበት ቀርቶልኛል ብሎ ይጠይቃል። በከተማ የምንኖር የተማርን ሰዎች የመስከረምን ውጥን ስንጽፍ የምንረሳው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቶቻችን እንመለስ፤ የዚህ ገጽ ሥራ እርሱ ነውና።

ከደጎሎ በስተደቡብ ቆላውን ተሻግሮ የሸዋ አገር ይጀምራል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱበት መርሐ ቤቴም በዚያው ወገን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት አዲስ ዓለም በተባለው መጽሐፋቸው፣ አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ወደ ፓሪስ ሄዶ ስምንት ዓመት ተምሮ ሲመለስ የሚያገኘውን ነገር ይተርካሉ። ብዙ ሰዎች ይህን መጽሐፍ የአሮጌና የአዲስ ክርክር ነው ብለው ያነብቡታል። እንዲህ ማንበብ ስሕተት አይደለም። እኛ ግን በዚህ ጊዜ ስናነብበው ሌላ ነገር አየንበት፤ ይኸውም አንድ ሰው ትልቅ አሳብ ይዞ ወደ አገሩ ሲገባ ከምን ይጀምር የሚል ጥያቄ ነው።

አወቀ ሲመለስ የሚያያት አገር ሁሉ የሚታረም መስሎ ይታየዋል። አበላሉ፣ አጠጣጡ፣ ሕክምናው፣ ለቅሶው፣ ጋብቻው፣ ሁሉ። ሁሉን ባንድ ጊዜ ሊያርም ቢነሣ መጽሐፉ በሦስተኛው ገጽ ባለቀ ነበር፤ ወይም ልጁ ያብድ ነበር። ነገር ግን ደራሲው ብልኅ ስለ ሆኑ የልጁን ክርክር በእጁ ካለው ነገር ላይ አሳረፉት። አባቱ ሲሞት ተዝካር የማውጣት ጉዳይ የእርሱ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው ሊያዝበት አይችልም። ሲያገባም ሠርጉ የእርሱ ሠርግ ነው። አወቀ የሰውን ሁሉ ተዝካር ሊከለክል አይችልም፤ የአባቱን ተዝካር እንደምን እንደሚያደርግ ግን ሊቈርጥ ይችላል። በዚህ ስፍራ መጽሐፉ ኃይል አለው። ዘመድ ይጮኻል፤ ቄሶቹ ይቈጣሉ፤ ሐሜት ይበዛል፤ አንባቢውም ልቡ ይፈራል፤ ምክንያቱም ይህን ዓይነት ድግስ ለማውጣት በሬውን ሽጦ፣ መሬቱን አስይዞ ለብዙ ዘመን በዕዳ የኖረ ሰው በየቀበሌው ሁላችንም እናውቃለንና። እኛ የቤተ ክህነት ሰዎችም በዚህ ጊዜ ከየትኛው ወገን ተቀምጠን እንደምንገኝ መጽሐፉ ሳያፍር ያሳየናል።

ድካሙ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ነገሩን የሚፈጽሙት በጉባኤ ነው፤ ሊቃውንቱ ተሰብስበው፣ ክርክሩ ተመርምሮ፣ ልማዱ ሁሉ እንዲታረም ይቈረጣል። ይህ ለአገር ጉዳይ የሚገባ መፈጸሚያ ሊሆን ይችላል። ለአንባቢው ለአንዱ ሰው ግን ምንም አይሰጠውም፤ ለእርሱ ጉባኤ የሚሰበስብለት የለምና። መጽሐፉን የዘጋ አንባቢ፣ ጉባኤ ቢደረግ ኖሮ እኔም ዕዳ ውስጥ ባልገባሁ ነበር ብሎ ሊያስብ ይችላል። በዚህ ምክንያት የአዲስ ዓለም ግማሹ የልክ መጽሐፍ ነው፤ ግማሹ የምኞት መጽሐፍ ነው ብንል ደራሲውን አልበደልንም። እንዲያውም ደራሲው ራሳቸው ከመስቀለኛው መንገድ ቆመው ሁለቱንም መንገድ ያሳዩን ይመስለናል።

ከዚያ በፊት በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት ወዳጄ ልቤ በዚህ ጉዳይ ከአዲስ ዓለም ይልቅ የቀረበ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰው ከልቡ ጋር እንደ ወዳጅ ይነጋገራል፤ የሰው ጠባይና ኑሮም በምሳሌ ይታያል። ልቡን እንደ ባሪያ የሚያዝ ሰው በመስከረም ትእዛዝ ያወጣል፤ ልቡን እንደ ወዳጅ የሚይዝ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቀዋል፤ ይህን ትችላለህን፤ ይህስ አይበዛብህምን ይለዋል። የመጽሐፉ ስም ብቻ እንኳ ለውጥን ጸሓፊ ሁሉ በቂ ትምህርት ነው። ከዚህ በላይ በምሳሌዎቹ ላይ አንዘገይም፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ለሚያነብብ ሰው ረዝመውበታል።

ከውጭ አገር ሰዎች ደግሞ በዚህ ነገር ስሙ የሚነሣ የአሜሪካው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1706 እስከ 1790 የኖረ አታሚና የመንግሥት ሰው ነበር። የሕይወቱን ታሪክ በጻፈበት መጽሐፍ በጐልማሳነቱ ያደረገውን ይናገራል። ፍጹም ሰው ለመሆን አስቦ 13 ምግባራትን መረጠ። በትንሽ ደብተር ለእያንዳንዱ ምግባር አንድ ገጽ ሰጥቶ፣ በገጹ ላይ ሰባቱን ቀናት አስምሮ፣ ማታ ማታ ባጠፋበት ስፍራ ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር። በአንድ ሳምንት አንዱን ምግባር ብቻ አጥብቆ ይጠብቃል፤ በ13 ሳምንት አንድ ዙር ይፈጽማል፤ በዓመትም አራት ጊዜ ይዞራል። የዚህ ሰው መጀመሪያ አሳቡ ከልክ ያለፈ ነበር፤ ፍጹምነትን የሚያህል ነገር በደብተር አይገኝምና። አሠራሩ ግን ልክ ያለው ነበር። እርሱም ከሁሉ ይልቅ ዕቃንና ጊዜን በሥርዓት መያዝ እንዳስቸገረው፣ ፍጹም ወደ መሆን ከቶ እንዳልደረሰ፣ ነገር ግን ሳይሞክር ቢቀር ከሚሆነው የተሻለ ሰው እንደሆነ ሳይደብቅ ጽፏል። የዚህን ገጽ ቅንነት እናደንቃለን። የመስከረም ምክር የሚጽፉ ሰዎቻችን አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ ዘንድ ይህ አልሆነልኝም ብለው ቢጽፉ፣ ምክራቸው ይበልጥ ይሰማ ነበር።

ዳሩ ግን ጊዜን ከፋፍሎ ሥራን በልክ መያዝን ለመማር ወደ ፍራንክሊን አገር መሻገር አያስፈልገንም። ከልጅነታችን ጀምሮ በአንገታችን ተንጠልጥሎ ያደገ መጽሐፍ አለን። ዳዊት 150 መዝሙር ነው። በአንድ ቀን ሁሉን ልድገም ብሎ የሚነሣ ሰው አለ፤ ከሥራ የተለየ መነኵሴ ይቻለው ይሆናል። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ግን ለሳምንቱ ከፍለውታል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድም የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ለሰባቱ ቀን ተከፍሏል። ይህን ክፍያ ስናነብብ እንደ ተራ ልማድ እናልፈዋለን። ነገር ግን እንደ ጽሕፈት ጥበብ መርምሩት። ትልቁን መጽሐፍ ሳያሳንስ ለደካማ ሰው እጅ የሚመጥን አደረገው። ዛሬ ያልደገመም ሰው ነገ ሁለት እጥፍ እንዲደግም አይገደድም፤ ነገ የነገው ድርሻ ይጠብቀዋል። ስንፍናን የሚከለክለው ይህ ነው፤ የትናንቱ ዕዳ በነገው ላይ አይጫንምና።

ከዚህም ይልቅ የሚደንቀን ነገር አለ፤ የጊዜ ክፍያን ዜማና ንባብ አድርጎ የጻፈው ሊቅ ከዚሁ ከምዕራብ ወሎ ደጋ መሆኑ ነው። ከደጎሎ ወደ ሰሜን ምዕራብ በቦረና ወገን፣ ከመካነ ሰላም አገር፣ ጋስጫ ይገኛል፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም። አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ከድርሰቶቻቸው መጽሐፈ ምሥጢር በሊቃውንት ዘንድ የከበረ ነው፤ በየደብሩ የሚሰማው ግን መጽሐፈ ሰዓታት ነው።

ስለ እርሳቸው ሁላችን የምናውቀው ታሪክ፣ በልጅነታቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማሩ ትምህርቱ ለብዙ ዘመን አልገባ ብሏቸው፣ እህል እየፈጩ ሲያገለግሉ ቈይተው፣ በኋላ በእመቤታችን ጸጋ ዕውቀት ተገለጸላቸው የሚለው ነው። ሰባኪዎቻችን ይህን ሲተርኩ ከወፍጮው ወደ ጽዋው በፍጥነት ይሻገራሉ፤ አድማጩም ዕውቀት በአንድ ሌሊት የሚፈስስ ነገር ይመስለዋል፤ ይህን ጊዜ ገድሉ የመስከረም ግጥም ይሆናል። ገድሉን ግን ረጋ ብሎ ያነበበ ሰው በወፍጮው ዘንድ ያለፈውን ዘመን ይቈጥራል። ጸጋው ከተሰጠ በኋላም ሊቁ ተቀምጠው አልቀሩም። ብዙ መጻሕፍት ጻፉ፤ ከጻፉትም አንዱ ሌሊቱንና መዓልቱን በሰዓት በሰዓት የሚከፍል መጽሐፍ ሆነ። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት፤ ለእያንዳንዱ የሚገባው ይደርሰዋል። ትምህርት ዘግይቶ የገባላቸው ልጅ አድገው የሰዓት ሊቅ መሆናቸው በአጋጣሚ ነው ብለን አናምንም፤ በወፍጮ አጠገብ የቈየ ሰው የአንድን ሰዓት ክብደት ያውቃል። ይህ የእኛ ግምት ነው፤ በገድሉ የተጻፈ አይደለም።

ስለ ገድላት ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። አንዳንድ ካህናት፣ ሰው በልኩ ያስብ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይህ የስንፍና ትምህርት ነው ይሉናል፤ ቅዱሳን ከልክ በላይ ደከሙ እንጂ በልክ አልተቀመጡም ብለው ይከራከሩናል። ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መልሳችን ግን በአነባበብ ላይ ነው። ገድል ጸሓፊ የ30 ዓመት ድካምን በአንድ ቅጠል ብራና ላይ ይጽፋል፤ ብራና ውድ ነውና፤ የሚያስፈልገውም ፍሬው ነውና። አንባቢው ግን ቅጠሉን በአምስት ደቂቃ ስለሚያነብብ፣ ድካሙም በአምስት ደቂቃ የተፈጸመ ይመስለዋል። ጥፋቱ የጸሓፊው አይደለም። በገድሉ ውስጥ በኋላ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እንዲህ ሲያደርግ ኖረ የሚሉትን ትንንሽ ቃላት ዘልሎ የሚያልፍ አንባቢ ነው የሚሳሳተው። ቅዱሱም መጀመሪያ አበምኔቱ ያዘዘውን ጥቂት ሥራ የፈጸመ ረድእ ነበር። በወንጌልም ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር የተነገረው ምሳሌ፣ ግንቡ ይቅር ለማለት እንዳልሆነ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየን ግን የቅኔ ቤት ነው። ወሎ ዋድላን የመሰለ የቅኔ አገር ያለበት ስለ ሆነ፣ አንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ይህን በእግራቸው ሄደው ያዩት ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ ይሄዳል፤ እርሱም ሦስት ቤት ነው። እንዲህ እያለ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ወደ መወድስ ይደርሳል፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። የመጨረሻው ዕጣነ ሞገርም ሰባት ወይም ዐሥራ አንድ ቤት ይሆናል። ቀን በየጫካው ተቀምጦ የቈጠረውን ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ስሕተቱን ያቀናሉ፤ ወይም ቅኔው ከንቱ እንደ ሆነ በአንድ ቃል ይነግሩታል። ከቅኔ ቤት ውጭ ያደጉ ሰዎች ይህን የአጭርና የረዥም ጉዳይ አድርገው ይገምቱታል። እንዲህ አይደለም። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ሰሙና ወርቁ የተሟላ፣ ራሱን የቻለ ቅኔ ነው። የጀማሪ ሥራ ስለ ሆነ ግማሽ አይደለም። ትልቁ ሊቅም በበዓል ቀን ጉባኤ ቃና ያበረክታል እንጂ፣ ይህ የሕፃናት ነው ብሎ አያልፈውም።

ልክ ያለው ውጥን ማለት ይህ ነው። ትንሽ ስለ ሆነ የተናቀ፣ ለትልቁም መዘጋጃ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ በራሱ የተፈጸመ ነው። ከትልቁም ሳይደርሱ ቢሞቱ ሥራው ሥራ ነው። አንድ ተማሪ በመስከረም የኔታ፣ ዘንድሮ መወድስ ካልዘረፍሁ ከዚህ አልሄድም ቢላቸው፣ የኔታ የሚመልሱለትን ማንም የቅኔ ቤት ልጅ ያውቀዋል። ልጄ፣ መጀመሪያ የዛሬውን ንገረኝ ይሉታል። በዚህ ቃል ውስጥ ቁጣም የለ፤ ተስፋ ማስቈረጥም የለ። መወድሱን አልከለከሉትም፤ ማታውን ነው የጠየቁት።

እንግዲህ የቅኔ ቤቱ ልክ በየዕለቱ የሚታይ ሲሆን፣ የዓመቱ ልክ ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ይገኛል። ዘመን መለወጫ ሲመጣ ሌላው ሁሉ ሲመኝ፣ ሒሳቡን የሚያውቀው ካህን ተቀምጦ ይቈጥራል። የ2018ን ዓመት ለምሳሌ ብናነሣ፣ 5500 ተጨምሮበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለአራት ሲከፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ የማርቆስ ነው። ለ19 ሲከፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ተቀንሶ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑም 18 ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 30 መሆናቸው ሒሳቡ እንዳልተሳሳተ ይመሰክራል። መጥቅዑ መስከረም 18 ቀን እሑድ ስለሚውል፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት መባጃ ሐመሩ 25 ነው፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ቀን ሰኞ ትገባለች። ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ይህ ሁሉ በመስከረም 1 ቀን የታወቀ ነው። ይህን ያነሣነው አንባቢዎቻችን የሚያውቁትን ልናስተምር አይደለም፤ ስለ አጻጻፉ ነው። ባሕረ ሐሳብ ይሁን፣ ይደረግ፣ ምነው በሆነ የሚል ቃል የለበትም። የተሰጠውን ቍጥር ተቀብሎ የሚከተለውን ያወጣል። ሕዝቡም እነዚህን ቀኖች ስለሚያውቅ ጾሙን ይጾማል፤ እህሉን ይመጥናል፤ መንገዱን ያዘጋጃል። የጾም ውጥን በአገራችን ከሌላው ውጥን ሁሉ ይልቅ የሚፈጸመው በሃይማኖት ጽናት ብቻ አይመስለንም፤ መጀመሪያውና መጨረሻው የታወቀ፣ የሚከለከለውም ነገር የተወሰነ፣ ጐረቤትም አብሮ የሚጾመው ስለ ሆነ ጭምር ነው። ማንም ሰው በዐቢይ ጾም ጥሩ ሰው ሁን ተብሎ አይታዘዝም፤ በ55ቱ ቀን ከጥሉላት ራቅ፣ እስከዚህ ሰዓትም ቈይ ይባላል እንጂ። ጥሩ ሰውነቱ ከዚያ ውስጥ ይወጣ ይሆናል፤ አይወጣም ይሆናል።

በዚህ ላይ አንድ ተረት ሁልጊዜ ይጠቀስብናል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው። ጥሩ ተረት ነው፤ በአለቦታው ግን ይነገራል። ዛሬ የሚነገረው ለዘገየ ሰው ማጽናኛ ሆኖ ነው። እንቍላሉ ግን አልዘገየም። ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፈዋለች፤ ከዚያ በላይ ከቈየ ገምቷል። ተረቱ ዝግታን ብቻ ሳይሆን ቀንንም የሚናገር ነበር፤ እኛ ቀኑን ጥለን ዝግታውን ብቻ አስቀረን።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነገራችን እንመለስና፣ ለግጥም ጸሓፊዎች የምንለው ጥቂት ነው። ዐደይ አበባን አትጻፉ አንልም፤ ሜዳው በእውነት ያማረ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ በዚህ በእኛ ደጋ የሚኖር፣ ሽምብራውን በዘራ በሁለተኛው ወር ወደ ማሳው ሄዶ ያየውን ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ወይም አንዲት ባልቴት ለባልዋ ተዝካር ያሰበችውን በሬ ሳትሸጥ ቀርታ፣ በዚያ ዓመት በሬው ምን እንደ ሠራላት የሚተርክ ቢገኝ። ወይም የቀን መቍጠሪያውን ገልብጦ በጀርባው የጻፈውን በኅዳር ወር ያነበበ ሰው። እንዲህ ያለው ግጥም ሁለት ቤት ብቻ ቢሆንም በዚህ ገጽ ስፍራ አለው፤ የሚላክልንም መስከረም ካለፈ በኋላ ቢሆን እንመርጣለን።